ከእግር ሥር የሚጀምር ሕመም



የእግርና የቁርጭምጭሚት ሕመም መነሻው ብዙ ነው፤ ወለምታ አለ፣ ስብራት አለ፣ ሪህም አለ። በደጋና በወይና ደጋ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ገበሬ ሌሊት እግሩ እየበላውና እያቃጠለው ሲቸገር ግን ሊዘነጋ የማይገባው ዝሆኔ ነው።

በቆላ የሚታየውን ዝሆኔ የሚያመጣው ትንኝ የምታስተላልፈው ትል ነው። የደጋው ግን ከትንኝም ከትልም አይደለም። ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባካሄደው ምርምር እንዳስረዳው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ አፈር ደቃቅ ብናኝ በቆዳ በኩል ገብቶ የሊምፍ ሥሮችን ይጎዳል። እብጠቱም ከእግር ተነሥቶ ወደ ባት ይወጣል።

ለበሽታው የመጋለጥ ዝንባሌ በዘር እንደሚወረስ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ይህ ግን ቤተሰብን ከጋብቻና ከማኅበር የሚያስገልለውን ሐሜት አያጸድቅም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገ ሰው ከወላጁ በሽታ ሊጠበቅ ይችላልና።

እብጠቱ ሳይጠነክር ከተደረሰበት፣ እግርን በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ሊመልሰው ይችላል። ከጠነከረ በኋላ ግን ሥቃዩን ከማቅለል በቀር ቀድሞ እንደነበረ ማድረግ አዳጋች ነው።

ስለዚህ የባለሙያው ጥያቄ «የት ላይ ያምዎታል?» በማለት ብቻ ሊያበቃ አይገባም፤ «በምን ዓይነት አፈር ላይ፣ ስንት ዘመን በባዶ እግርዎ ሄዱ?» ብሎም መጠየቅ ይኖርበታል።