ጳጉሜን 4 እና የወግዲ ልጆች

እሱ፦ ጳጉሜን 4 ትምህርትን ከጥቃት የመጠበቂያ ዓለም አቀፍ ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2020 እ.ኤ.አ. የሰየመው። በአማራ ክልል ላሉት ለወግዲና ለመካነ ሰላም ቤተሰቦች ደግሞ የደብተር መግዣ ሰሞን ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ።

እሷ፦ «ከተከፈተ» ያልከው ነው የሚያመኝ። በ2017 የትምህርት ዘመን ግጭት ባለበት በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደሆኑ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል።

እሱ፦ እነ ዩኒሴፍ፣ እነ ሴቭ ዘ ችልድረን ምን ይሠራሉ የሚል አድማጭ አይጠፋም።

እሷ፦ ደብተር፣ ጊዜያዊ መማሪያ፣ ያመለጠውን የሚያካክስ የተፋጠነ ትምህርት። ጥሩ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምለው፣ ታጣቂ የማንም ይሁን የማን ከመማሪያ ክፍል ይውጣ! በ2015 እ.ኤ.አ. ኦስሎ ላይ የወጣው መግለጫም ትምህርት ቤት ለጦርነት እንዳይውል ይጠይቃል።

እሱ፦ ለሴት ልጅ ደግሞ ይብሳል።

እሷ፦ በጣም እንጂ! ሰባተኛን ጨርሳ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የምታስብ ልጅ ትምህርት ቤቷ ይዘጋል። ዓመቱን ውኃ ስትቀዳ ትከርማለች፤ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል። «ገና ልጅ ናት» ብሎ የሚከራከርላት መምህሯ ግን የለም።

እሱ፦ ስለዚህ ድርጅቶቹ መምህሩንም ያስቡት። ቀዬውን ጥሎ የሸሸ መምህር ካልተመለሰ ደብተሩ ብቻውን ምን ያደርጋል?

እሷ፦ እንዲመለስ ደግሞ መንገዱ ላይ የሚያግተው አይኑር፤ ደመወዙም በወሩ ይድረሰው።