የዛገ ወለልና የጥበቃ ማዕቀፍ



ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውኃና መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ቆላ ሲገባ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ይበዛል። በክረምት ይህ ጭቃ ከመኪናው ሆድ ላይ ተለጥፎ እርጥበቱን እንደያዘ ይሰነብታል፤ ዝገቱም የሚጀምረው ከሥር ነው። የአሮጌው ላንድሮቨር አካል በአብዛኛው አሉሚንየም ቢሆንም፣ ሻንሲውና የሾፌሩ እግር የሚያርፍበት ክፍል ብረት ስለሆነ ከጉዳቱ አያመልጥም።

ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም። ትክክለኛው አሠራር የባትሪውን ገመድ ፈትቶ፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎችን ከእሳት አርቆ፣ ጤነኛው ላሜራ እስኪገኝ ድረስ የዛገውን ቆርጦ ማውጣትና በተመሳሳይ ውፍረት መተካት ነው። ብየዳው ባንድ ጊዜ ከተጎተተ ላሜራው ስለሚጣመም ቦታ እያፈራረቁ ነጥብ በነጥብ መበየድ ይገባል። በመጨረሻም ከላይም ከሥርም አንቲራስት ይቀባል።

መኪናው ቢገለበጥ ሰውን የሚጠብቀው የቱቦ ማዕቀፍ ተራው ከዚህ በኋላ ነው። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የውድድር ደንብ ለዋናው ቅስት 45 በ2.5 ወይም 50 በ2 ሚሊሜትር የሆነ ስፌት የለሽ የብረት ቱቦ ይጠይቃል። ከእግሩ ሥር የሚገባው ማጠናከሪያ ሰሌዳም ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ውፍረትና 120 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት እንዲኖረው ያዛል። ምክንያቱም በመገልበጥ ጊዜ ጭነቱ በቱቦው አልፎ ወለሉ ላይ ስለሚያርፍ ነው። የዛገ ወለል ከሆነ ቱቦው እንደ ችካል ወግቶት ያልፋል። ቀበቶ ላላሰረ ሰው ደግሞ ያው ቱቦ ራስ የሚፈነክት ብረት ይሆናል።

ባለመኪናው ማዕቀፉን አይቶ ይተማመናል፤ ከምንጣፉ ሥር ያለውን ወለል የሚያውቀው ግን ሠሪው ብቻ ነው።