የፓናማ ቦይና የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ምርጫ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንቶችና ስለ ውጭ ፖሊሲያቸው መናገር ከመሐንዲስ ይልቅ የታሪክ ወይም የሕግ ሊቅ ሥራ ነው የሚል ሰው በመካከላችን አይጠፋም። ይሁን እንጂ አንድ የውሃ ሥራ ከ1976 ጀምሮ በዚያች አገር የምርጫ መድረክ ላይ ደጋግሞ ሲነሣ ኖሯል። ይኸውም የፓናማ ቦይ ነው። ሰው ስለዚህ ቦይ ሲከራከር የባለቤትነቱን ነገር ብቻ ያነሣል፤ ቦዩ በምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ለማሳየት የምሞክረው እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ብዙ ሰው የፓናማን ቦይ እንደ ሱዌዝ በአንድ የውሃ ደረጃ ባሕርን ከባሕር የሚያገናኝ አድርጎ ይገምተዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በቻግሬስ ወንዝ ላይ የተሠራው የጋቱን የአፈር ግድብ ያቆረው ሐይቅ ከባሕር ወለል 26 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ከአንዱ ውቅያኖስ የሚመጣ መርከብ ሎክ በሚባሉት፣ ከፊትና ከኋላ በር ባላቸው የኮንክሪት ክፍሎች አማካይነት ደረጃ በደረጃ ወደ ሐይቁ ይወጣል፤ ሐይቁንም አቋርጦ በወዲያኛው በኩል እንዲሁ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ የለም፤ ክፍሎቹ የሚሞሉትና የሚጎድሉት በመሬት ስበት ኃይል ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት በቀድሞዎቹ ሎኮች አንድ መርከብ ባለፈ ቁጥር ወደ 200 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ጨው አልባ ውሃ ወደ ባሕር ይፈስሳል። የሚተካውም በዝናብ ነው። ግድቡ አደጋ ቢደርስበት ሐይቁ ባዶ ይቀራል፤ ሐይቁ እንደገና እስኪሞላም ቦዩ ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈት ይሆናል። ይህን ነጥብ በልባችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ።

ሥራውን በመጀመሪያ የሞከሩት ፈረንሳዮች ነበሩ። አሜሪካ የቦዩን ቀጠና በእጇ ያደረገችው በኅዳር 1903፣ ፓናማ ከኮሎምቢያ ከተለየች ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ በተፈረመ ውል ነው። ውሉ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን መሬት ለዘለዓለም በአሜሪካ እጅ እንዲቆይ ሲያደርግ፣ ለፓናማ የተመደበላት በአንድ ጊዜ 10 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያም በየዓመቱ 250,000 ዶላር ነበር። ስለ ፓናማ ሆኖ የፈረመው ፓናማዊ አልነበረም፤ ፊሊፕ ቡኖ ቫሪያ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ሙያው ምህንድስና መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ በወደድሁ። ቦዩ በነሐሴ 1914 ተከፈተ። በአገሪቱ እምብርት የሌላ መንግሥት ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና ትምህርት ቤት ያለው ቀጠና ተዘረጋ ማለት ነው።

ጥር 9 ቀን 1964 የፓናማ ተማሪዎች በቀጠናው ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት ከአሜሪካ ባንዲራ ጎን የአገራቸውን ባንዲራ ለመስቀል በመሞከራቸው ሁከት ተነሣ። ከሃያ በላይ ፓናማውያንና 4 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የ1903ቱ ውል በሌላ እንዲተካ ድርድር እንደሚደረግ ያስታወቁት በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ነው፤ ይኸውም በኅዳር የተደረገውን ምርጫ ካሸነፉ በኋላ መሆኑ ነው። የቀኑ አጣጣል በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ በሪቻርድ ኒክሰን ዘመን፣ በ1974፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሄንሪ ኪሲንጀር ዘለዓለማዊው ውል እንዲቀር በመርሕ ደረጃ ተስማሙ። እንግዲህ የሁለቱም ፓርቲ መሪዎች ሥልጣን ላይ ሆነው ነገሩን ሲመረምሩት ከአንድ መደምደሚያ ላይ ደርሰው ነበር ማለት ይቻላል።

በ1976 ግን ነገሩ ከመርማሪዎቹ እጅ ወጥቶ በመራጩ እጅ ገባ። ሮናልድ ሬገን በሪፐብሊካን ፓርቲ ውስጥ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድን ተቃውመው ሲወዳደሩ በመጀመሪያዎቹ ክፍላተ አገር በተከታታይ ተሸንፈው ነበር። ከዚያ በኋላ ቦዩን ዋና የቅስቀሳ ርእስ አደረጉት፤ የእኛ ነው፣ የሠራነው እኛ ነን፣ አንለቀውም የሚል ነበር። በመጋቢት ወር በሰሜን ካሮላይና አሸነፉ፤ በቴክሳስም እንዲሁ። ፎርድ እጩነቱን በጥቂት ድምፅ ልዩነት ቢያገኙም ተዳክመው ወጡ። የሚደንቀው ጂሚ ካርተርም በዚያው ዓመት ከፎርድ ጋር ባደረጉት ክርክር የቦዩን ቀጠና ቁጥጥር ከቶ እንደማይለቁ መናገራቸው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም 7 ቀን እኚሁ ካርተር ከጄኔራል ኦማር ቶሪሆስ ጋር ሁለት ውሎችን ፈረሙ። በአንደኛው ቦዩ በ1999 መጨረሻ ለፓናማ እንዲተላለፍ፣ በሁለተኛው ደግሞ ቦዩ ለሁሉም መርከቦች በእኩልነት ክፍት ሆኖ እንዲኖርና አሜሪካም ይህን ገለልተኝነቱን ለማስከበር መብት እንዲኖራት ተወሰነ። አንድ ሰው እጩ ሆኖ የተናገረውንና ፕሬዚዳንት ሆኖ የፈረመውን እንዲህ ጎን ለጎን ሲያዩት በቃሉ አልጸናም ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ በበኩሌ ከሁለቱ የሚከበረው ፊርማው ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ፊርማው የቦዩን ተፈጥሮ ከግምት ያስገባ ነበር።

የካርተር ዋና ማስረጃ ቀደም ብዬ ከጠቀስሁት ግድብ ጋር የተያያዘ ነው። ፕሬዚዳንቱ በየካቲት 1978 በቴሌቪዥን ለሕዝቡ ሲናገሩ፣ ቦዩን በጠላትነት በተነሣ ሕዝብ መካከል ለመጠበቅ ቢያንስ 100,000 የታጠቀ ሰው እንደሚያስፈልግ የጦር መኮንኖቻቸው መገመታቸውን ገልጸዋል። ያን ያህል ጦር ቢሰለፍ እንኳ በጫካ የተከበበን ሐይቅ፣ የአፈር ግድብንና የሎክ በሮችን ከጥቂት ቆራጥ ሰዎች ፈንጂ ማዳን አጠራጣሪ ነው። ቶሪሆስም ውሉ ከጸደቀ በኋላ፣ ሴኔቱ እምቢ ቢል ኖሮ ቦዩን ለማበላሸት ተዘጋጅተው እንደነበር በግልጽ ተናግረዋል። የሬገን ክርክር ስለ ባለቤትነት ነበር፤ የካርተር ክርክር ግን ስለ ጥበቃና ስለ አገልግሎት ነበር። የመጀመሪያውን ለመረዳት አንድ አረፍተ ነገር ይበቃል። ሁለተኛውን ለማስረዳት ካርታ መዘርጋት ያስፈልጋል፤ ለሕዝብ ስብሰባ ደግሞ ካርታ አይመችም።

ሴኔቱ ውሎቹን በመጋቢትና በሚያዝያ 1978 አጸደቀ። በሁለቱም ጊዜ ድምፁ 68 ለ32 ሲሆን፣ ከሚያስፈልገው የበለጠው በአንድ ድምፅ ብቻ ነው። የአሪዞናው ዴኒስ ዴኮንሲኒ፣ አሜሪካ ቦዩ ቢዘጋ በኃይል ገብታ ልትከፍተው ትችላለች የሚል ቃል በማስገባታቸው ፓናማ ተቆጥታ ነገሩ ሊፈርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በሁለተኛው ድምፅ ጊዜ በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባት ማለት አይደለም የሚል ማብራሪያ ታክሎ በረደ። የካሊፎርኒያው ሳሙኤል ሃያካዋ፣ ለምርጫ ሲወዳደሩ ቦዩን በአግባቡ ስለሰረቅነው የእኛ ነው ብለው ያስቁ የነበሩት፣ ድምፃቸውን ለውሉ ሰጡ። ከደጋፊዎቹ መካከል የኒው ሃምፕሽሩ ቶማስ ማክኢንታየር በዚያው ዓመት ወንበራቸውን አጡ። በምክር ቤቱ ክርክሩን የመሩት ፍራንክ ቸርች በ1980 ተሸነፉ። የሪፐብሊካኖቹ መሪ ሃዋርድ ቤከርም ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ብዙ ሳይራመዱ ተመለሱ። የእነዚህ ሁሉ ሽንፈት ምክንያት ቦዩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ተቃዋሚዎቻቸው ሳያነሡት አልቀሩም።

ሬገን ራሳቸው በ1981 ፕሬዚዳንት ሆኑ። ስምንት ዓመት ገዝተው ውሉን አልሰረዙም፤ ርክክቡም በተያዘለት ጊዜ መሠረት ቀጠለ። ለምርጫ ማሸነፊያ የሆነው ንግግር ለመንግሥት ሥራ አለመዋሉን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። የእርሳቸው ተከታይ ጆርጅ ቡሽ በታኅሣሥ 1989 ጦር ወደ ፓናማ ልከው ማኑኤል ኖሪዬጋን ሲይዙ ቦዩ ለአንድ ቀን ያህል ተዘጋ። በጦርነት ምክንያት እንዲህ ሲዘጋ የመጀመሪያው ሲሆን፣ የዘጋውም ከውጭ የመጣ ጠላት አልነበረም።

ቦዩ በታኅሣሥ 31 ቀን 1999 ለፓናማ ተላለፈ። ፓናማውያን ማሠራት አይችሉም ተብሎ ብዙ ተነግሮ ነበር። የሆነውን እንመልከት። በ2006 በሕዝብ ውሳኔ ጠይቀው ከ2007 እስከ 2016 ሦስተኛ የሎክ መስመር ሠሩ፤ የተያዘለትም ገንዘብ 5.25 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የቀድሞዎቹ ሎኮች ስፋት 33.5 ሜትር ሲሆን የአዲሶቹ 55 ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ክፍል አጠገብ ሦስት ሦስት የውሃ ማጠራቀሚያ ገንዳዎች ስላሉ፣ በአንድ ማለፊያ ከሚፈለገው ውሃ 60 በመቶው ተመልሶ ያገለግላል። በጊዜውና በወጪው ላይ ከሥራ ተቋራጮች ጋር ከባድ ክርክር እንደነበረ አይካድም፤ ከእኛ ውስጥ እንዲህ ያለ ክርክር ያላየ ግን እጁን ያውጣ። ዛሬ ቦዩ ለፓናማ ግምጃ ቤት በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባል። ከ250,000 ዶላር ጋር አስተያዩት።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2024፣ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ዶናልድ ትራምፕ ቦዩ እንዲመለስ መጠየቅ ጀመሩ። ውሉን የፈረሙት ካርተር በመቶ ዓመታቸው ያረፉት ከዚህ ከአንድ ሳምንት ያህል በኋላ ነው። ትራምፕ ጥር 20 ቀን 2025 ሥልጣን ሲረከቡ ባደረጉት ንግግር ቦዩን የምታንቀሳቅሰው ቻይና ናት፣ በግንባታውም 38,000 ሰው አልቋል አሉ። ቁጥር የሙያችን ቋንቋ ስለ ሆነ እንመርምረው። በአሜሪካኖች የግንባታ ዘመን በመዝገብ የተያዘው ሟች 5,600 ያህል ነው፤ አብዛኞቹም እንደ ባርባዶስ ካሉ የካሪብ ደሴቶች የመጡ ጥቁር ሠራተኞች ነበሩ። ከእነርሱ በፊት በፈረንሳዮቹ ዘመን የሞተው ሕዝብ ቢጨመር እንኳ ከተባለው ቁጥር ላይ ለመድረስ ያስቸግራል። ቦዩን የሚያሠራውም የፓናማ ቦይ ባለሥልጣን ነው። የሆንግ ኮንግ ኩባንያ በ1997 በተዋዋለው መሠረት የያዘው በቦዩ ጫፍና ጫፍ ያሉ ሁለት ወደቦችን ነበር፤ ወደብ ማስተዳደርና ሎክ መክፈት የተለያየ ሥራ ነው። በዚያ መነካካት የሚያሠጋው ሰው ስለ ወደቦቹ ቢከራከር ተገቢ ነው፤ ቦዩን ልውሰድ ለማለት ግን ምክንያት አይሆነውም።

በዚህ አዳራሽ ያለነው ሰዎች ይህን ዐይነት ንግግር ከዚህ ቀደም ሰምተነዋል። እኚሁ ፕሬዚዳንት በጥቅምት 2020፣ ምርጫ ሊደረግ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሲቀር፣ ግብፅ የዐባይን ግድብ ልታፈነዳው ትችላለች ብለው መናገራቸው ይታወሳል። ጥቂት ቀደም ብሎም ለኢትዮጵያ ይሰጥ ከነበረው ዕርዳታ ከፊሉ በዚሁ ግድብ ሰበብ ታግዶ ነበር። የሚቀጥለው አስተዳደር በ2021 መጀመሪያ ሁለቱን ጉዳዮች ለያያቸው፤ ግድቡም በመስከረም 2025 ተመረቀ። ሁለቱን ሥራዎች ማመሳሰሌ አይደለም፤ የአንዱ ጥያቄ የመርከብ፣ የሌላው የኃይልና የወንዝ ውሃ ነው። የሚገናኙት ግን በአንድ ነገር ነው፤ ስለ ሁለቱም ከሩቅ ሲነገር በቦታው ስለሚኖረው ሕዝብና ስለ ውሃው መጠን አይነሣም።

የውሃው መጠን ግን ዛሬ የፓናማ ቦይ ዋና ችግር ነው። በ2023 ዝናብ በመጥፋቱ የጋቱን ሐይቅ ጎደለ፤ በቀን 36 መርከብ ያሳልፍ የነበረው ቦይ ቁጥሩን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ከ24 በታች ለማድረስ ተገደደ። መርከቦችም በሁለቱ ውቅያኖሶች ተሰልፈው ከረሙ። ከዚያ ሐይቅ የሚጠጣው የፓናማ ከተማና የኮሎን ነዋሪ ጭምር መሆኑን ስንጨምር ነገሩ ይከብዳል። የቦዩ ባለሥልጣን ያቀረበው መፍትሔ በሪዮ ኢንዲዮ ወንዝ ላይ ሌላ ግድብ ሠርቶ ውሃውን በዋሻ ወደ ጋቱን ማምጣት ሲሆን፣ ግምቱ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። በሸለቆው የሚኖሩት ገበሬዎች መሬታቸውን ሊያጡ ስለ ሆነ ተቃውመዋል፤ የእነርሱ ጥያቄ ደግሞ ባለቤቱ ማን ነው ከሚለው ጋር ሳይሆን ካሳው ስንት ነው፣ የምንሰፍረውስ የት ነው ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው። የዋሻውን አቅጣጫና የግድቡን ቦታ የሚያሳየውን ካርታ ከኋላ በኩል ሰቅዬዋለሁ፤ ከዕረፍቱ በኋላ በእርሱ ላይ ለሚነሣ ጥያቄ ዝግጁ ነኝ።