ካሜራ መቀየር የሚያዋጣው መቼ ነው?

የዛሬው ርዕስ ሴንሰር ነው። ሴንሰር ማለት በካሜራው ሆድ ውስጥ ሆኖ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ገጽ ነው።

ታዲያ ትልቅ ሴንሰር ምን ይጠቅማል? በክረምት ደጅ የተቀመጡ ሳፋና ጣሳ ይታሰቡ። ዶፍ ሲወርድ ከጣሳውም በቂ ውሃ ይገኛል። ካፊያ ሲሆን ግን ሳፋው ለእጅ መታጠቢያ ይበቃል፤ የጣሳው ጉንጭ አይሞላም።

ብርሃንም እንዲሁ ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ኤፒኤስ-ሲ ከሚባለው በስፋት ከእጥፍ ይበልጣል። በቀትር ፀሐይ የሁለቱን ፎቶ መለየት ያስቸግራል። ልዩነቱ የሚወጣው በጧፍ ብርሃን ብቻ በሚታይ ቅኔ ማህሌት ውስጥ ነው። እዚያ በትንሹ ሴንሰር ሲነሳ፣ የካህኑ ጥቁር ካባ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

ደግሞ ወጪው በካሜራው አያበቃም። ለኤፒኤስ-ሲ የተሠራ ሌንስ ፉል ፍሬሙን አይሸፍንም። ወይ የፎቶው ጥግ ይጨልማል፣ ወይ ካሜራው መሃሉን ብቻ ያስቀራል። ያኔ ትልቁ ሴንሰር ተገዝቶ እንደ ትንሹ ይሠራል ማለት ነው።

እንግዲህ ሥራው በቀን ብርሃን ለሆነ ሰው፣ ገንዘቡ ለጥሩ ሌንስ ቢውል ይሻላል። ማታ ማታ ሠርግ ለሚያነሳ ባለሙያ ግን ትልቁ ሴንሰር ያዋጣል።