በማይክሮስኮፕ የዲያቶምን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)





ዲያቶም በሐይቅ፣ በወንዝና በባሕር የምትኖር፣ ከአልጌ ወገን የሆነች ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ናት። እንደ ተክል ሁሉ በብርሃን ኃይል ምግቧን ትሠራለች። ከሌሎቹ የምትለየው በቅርፊቷ ነው። ቅርፊቷ ከሲሊካ የተበጀ ሲሆን፣ እንደ ሙዳይና እንደ ክዳኑ ሁለት ክፍል ሆኖ ይገጣጠማል። እርስዋ ስትሞት ቅርፊቷ ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ በሐይቁ ጭቃ ውስጥ ይቀመጣል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። እያንዳንዱ የዲያቶም ዓይነት የሚስማማው ውሃ አለ፤ አንዱ ጨው የሌለበትን፣ ሌላው ጨዋማውን ይወዳል። ስለዚህ ጭቃውን ከላይ እስከ ታች እየለየ ቅርፊቶቹን የቆጠረ ሰው የሐይቁን ታሪክ ያነባል። ፈረንሳዊቷ ሊቅ ፍራንሷዝ ጋስና የሥራ ባልደረቦቻቸው የአቢያታን ሐይቅ ያለፈ ዘመን የመረመሩት በዚህ መንገድ ነው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ዛሬ የአቢያታ ውሃ እጅግ ቀንሷል። ከዚህ ለውጥ የተፈጥሮን ድርሻ ከሰው ድርሻ ለይቶ ለማወቅ የጥንቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንዱን ዲያቶም ከሌላው ከሚለዩት ምልክቶች ዋነኛው በቅርፊቱ ላይ ያለው የመስመር ብዛት ነው። ይኸውም በ10 ማይክሮሜትር፣ ማለት በአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ውስጥ ይቆጠራል። ፎቶግራፉ ከተበላሸ ቁጥሩ ይሳሳታል፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ ስሙ ይለወጣል፤ ስሙ ከተለወጠ የሐይቁ ታሪክ ሐሰት ይሆናል።

ሥራው የሚጀመረው ከስላይዱ ነው። ጭቃው በመምህር ጥበቃ ሥር በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጸዳል፤ ደጋግሞም ይታጠባል። ከዚያ አንድ ጠብታ በቀጭኑ መሸፈኛ መስታወት ላይ ይደርቃል። ሲሊካ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.43 ያህል፣ የውሃ ደግሞ 1.33 ነው። ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ቅርፊቱ በውሃ ውስጥ ደብዝዞ ይታያል። መጠኑ 1.7 ያህል በሆነ ሙጫ ውስጥ ሲቀመጥ ግን መስመሮቹ ጎልተው ይወጣሉ።

ቀጥሎ የብርሃኑ ነገር ይመጣል። የኮንደንሰሩ ዳያፍራም ከመጠን በላይ ከጠበበ ሥዕሉ የጠቆረና ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን ረቂቁ መስመር ይጠፋል፣ በቅርፊቱ ዙሪያም የሌለ ጠርዝ ይታያል። ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1873 እንዳስረዳው፣ ማይክሮስኮፕ ለያይቶ ለማሳየት የሚችለው ወሰን አለው። የመክፈቻው ቁጥር 1.25 በሆነ ባለ ዘይት ሌንስ፣ በአረንጓዴ ብርሃን፣ ወሰኑ 0.22 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ፕሌውሮሲግማ አንጉላቱም የተባለው ዲያቶም መስመሮቹ በግማሽ ማይክሮሜትር ያህል ስለሚራራቁ በደኅና ይታያል። የአምፊፕሌውራ ፔሉሲዳ መስመሮች ግን 0.25 ያህል ብቻ ስለሚራራቁ የሚታዩት በጭንቅ ነው። ከወሰኑ ወዲያ ፎቶግራፉን ማተለቅ ብዥታውን ከማተለቅ በቀር ትርፍ የለውም።

በትልቅ ሌንስ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። ስለዚህ በልዩ ልዩ ከፍታ የተነሡ ፎቶግራፎች በኮምፒዩተር ይጣመራሉ። ይህ መልካም ዘዴ ነው፤ ሆኖም የተገኘው ሥዕል ዓይን በአንድ ጊዜ ያየው አይደለምና መጣመሩ መነገር አለበት።

ስለዚህ በፎቶግራፉ ግርጌ ጭቃው የተገኘበት ቦታና ቀን፣ የሌንሱ ዓይነት፣ የተጣመሩት ፎቶግራፎች ብዛት ይጻፍ። በዚያው ሌንስ መለኪያ ስላይድ ተነሥቶ የርዝመት ምልክት ይደረግበት። ይህ የሌለው ፎቶግራፍ ለግድግዳ ጌጥ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለሐይቁ ምስክር አይሆንም። እኛም ለታናናሾቻችን ለማውረስ የምንፈልገው የሚያምረውን ብቻ ሳይሆን፣ ሌላው ሰው መርምሮ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ሥራ ነው።

ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ እንመኛለን።