ከጨርቁ ሥር ያለው ትራስ

አቅራቢት፦ ጥቅምት ሲገባ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ብርድ ልብስና አንሶላ ይታጠባል፤ ትራሱ ግን ብዙ ጊዜ ጨርቁ ብቻ ይቀየርለታል። ላቡን፣ ቅባቱንና የቆዳ ፍርፋሪውን ለዓመታት የጠጣው ውስጡ ነው።

አቅራቢ፦ የጥጡ ትራስ ታዲያ እንዴት ይሁን፣ እህት ዓለም?

አቅራቢት፦ ስፌቱ በአንድ ጎን ይተረተራል። ጥጡ ወጥቶ ሰሌን ላይ ይሰጣል፤ የተጓጎለው በጣት ይፍታታል፣ ደጋን ያላት ሴት ደግሞ እንደገና ትነድፈዋለች። ከረጢቱ በፈላ ውኃ ይታጠባል። ቡሬ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዓይን የማትታየዋን የአቧራ ተባይ ለመግደል 60 ዲግሪ ይበቃል።

አቅራቢ፦ ስፖንጁስ?

አቅራቢት፦ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ተጨምቆ ይታጠባል፤ ከተጠመዘዘ ይቀደዳል። ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ይደርቃል፤ ብርቱ ፀሐይ ያፈረፍረዋል። ውስጡ እርጥብ ከቀረ ይሻግታል፤ ስለዚህ የሐምሌ ዝናብ ይለፍ። ታጥፎ ሲለቀቅ የማይመለሰው ይቀየር።

አቅራቢ፦ አሮጌውን ጓሮ የሚያቃጥል አለ እኮ።

አቅራቢት፦ አሳሳቢው ይህ ነው! ስፖንጅ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ሳያናይድ ይለቃል፤ ሁለቱም ይገድላሉ፣ ልጆች ደግሞ እሳት ከበው ይቆማሉ። ወንዝ ቢጣልም አይበሰብስም። ጥጥና ጭድ ግን ኮምፖስት ጉድጓድ ይገባሉ።

አቅራቢ፦ የታጠበ አሮጌ ስፖንጅ በጥጥ ጨርቅ ተሰፍቶ ከጭነት ሥር ቢነጠፍ፣ እህል ገበያ የምታመላልስ አህያ ጀርባዋ እንዳይላጥ ይረዳል።