ስለ አዝሙድና ስለ ከሙን ዐሥራት፥ ስለ በርበሬም ሚዛን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን በገሠጸበት ቃሉ ስለ ቅመም የተናገረው አንድ ነገር አለ። እነዚያ ሰዎች ሕግ አክባሪዎች ነበሩ፤ በጓሯቸው ከበቀለው ከእንስላሉ፥ ከአዝሙዱና ከከሙኑ እንኳ ሳይቀር ዐሥራት ያወጡ ነበር። ጌታችን ግን ከሕጉ ሁሉ የሚከብደውን፥ ይኸውም ፍርድን፥ ምሕረትንና ታማኝነትን እንደ ተዉ ነገራቸው (ማቴ. 23፥23)። ልብ አድርጉ፤ ዐሥራቱን ከንቱ ነው አላለም። ያንንም ሳይተዉ ይህን ማድረግ ይገባቸው እንደ ነበረ ነው የገለጠላቸው። የእግዚአብሔርን ድርሻ በፍሬ ቈጥሮ የሚሰጥ እጅ የባልንጀራውን ድርሻ በሚዛን እንዴት ያጐድላል? የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ላይ ነው።

በርበሬ ስሙ በቅዱሳት መጻሕፍት አይገኝም። ሊገኝም አይችልም፤ ተክሉ የአሜሪካ ምድር ተክል ነውና፥ ኮሎምቦስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1492 ዓ.ም. ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት በእስራኤል አገርም ሆነ በእኛ አገር የሚያውቀው አልነበረም። ነገር ግን አዝሙድና ከሙን የሚሸጡበት ቦታ ሁሉ በርበሬ የሚሸጥበት ሆኗልና፥ ጌታችን በዚያ ምዕራፍ የተናገረው ቃል በመርካቶ የሚገኘውን በርበሬ በረንዳን አይመለከትም ማለት አንችልም።

ይህን ሰፈር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ገና ሳይደርሱበት ሽታው ይቀበላል፤ እንግዳ ሰው እያስነጠሰ ያልፋል፥ የለመደው ግን ቀኑን ሙሉ ይውልበታል። ከማረቆ፥ ከአላባ፥ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚመጣው ዛላ በየማዳበሪያው ተጠቅጥቆ ይራገፋል። ነጋዴው፥ ደላላው፥ ተሸካሚው፥ ዛላውን የምትቀነጥሰው እናት፥ ለዓመት የሚበቃትን ለመግዛት የመጣችው ባለ ትዳር፥ ሩብ ኪሎ ድቁስ ብቻ ለመግዛት ከነጠላዋ ጫፍ ገንዘብ የምትፈታው ባልቴት፥ ሁሉም በዚያ ይገናኛሉ። የከተማችን ገበያ ቀድሞ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ፤ ጣሊያኖች አገራችንን በያዙበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ዘመን የሕዝቡን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶን አደረጉት። ገበያው ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቢርቅም ከሌላው አልራቀም፤ የቅዱስ ራጉኤል ደወል ዛሬም በመርካቶ ይሰማል።

በብዙ ሱቆችም የእመቤታችን ወይም የመልአኩ ሥዕል ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ነጋዴውም ማለዳ መዝጊያውን ሲከፍት አማትቦ ይከፍታል። ይህን አንነቅፍም፤ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሥዕሉ ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው ልክ ከሚዛኑ በላይ መሆኑን አስተውለን እናውቃለን፤ ሰቃዩ አስቦበት ይሁን ሳያስብ፥ ቦታው የተገባ ቦታ ነው።

አሁን ስለዚያ ሚዛን እንነጋገር። አንድ ኪሎ መመዘን ሲገባው ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ግራም የሚመዝን ሚዛን አለ እንበል። የጐደለው ሃምሳ ግራም ነው። ሻጩ «ይህ ምን አላት? አንድ እፍኝ እንኳ አትሞላም» ይላል። እኛ ግን እንቍጠረው። ሃያ ሰዎች እያንዳንዳቸው የአንድ ኪሎ ዋጋ ከፍለው ቢሄዱ ዐሥራ ዘጠኝ ኪሎ ብቻ ወጥቶ አንድ ኪሎ በሱቁ ይቀራል። ያ የቀረው ኪሎ ዋጋው ተከፍሎበታል፤ ባለቤቶቹ ሃያ ናቸው፤ ከሃያዎቹም አንዲቱ ያች ባልቴት ናት። ከአንድ ኩንታል አምስት ኪሎ እንዲህ ሆኖ ይቀራል። ሌሊት ግድግዳ ቈፍሮ አምስት ኪሎ በርበሬ የወሰደውን ሰው ሌባ ብለን ለፖሊስ እንሰጠዋለን፤ በቀን፥ በፀሐይ፥ ሰላምታ እየሰጠ የወሰደውን ግን ጐበዝ ነጋዴ እንለዋለን።

ሙሴ በሕዝቡ ከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ፥ ሁለት ዓይነት የሚዛን ድንጋይ እንዳይገኝ አዘዘ (ዘዳ. 25፥13-15)። ትልቁ የሚገዙበት፥ ትንሹ የሚሸጡበት ነበረና። ሰሎሞንም አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊ እንደ ሆነ አስተማረ (ምሳ. 11፥1)። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ነቢዩ አሞጽ የተናገረው ነው። በእርሱ ዘመን የነበሩ ነጋዴዎች ሰንበትንና መባቻን ያከብሩ ነበር፤ ነገር ግን በዓሉ መቼ አልፎ ጐተራችንን እንከፍታለን እያሉ፥ መስፈሪያውን አሳንሰው፥ ዋጋውን ከፍ አድርገው፥ የስንዴውንም ግርድ ለድኻ ሊሸጡ ይቸኵሉ ነበር (አሞ. 8፥4-6)። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች በዓል የማያከብሩ አልነበሩም። ቅዳሴውን እያስቀደሰ ልቡ በሱቁ ቁልፍ ላይ የሆነ ሰው ዛሬም ቢኖር የአሞጽ ቃል ስለ እርሱ የተጻፈ ይመስለዋል።

ከሚዛን ማጕደል የሚብስ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም መቀላቀል ነው። ኢሳይያስ ኢየሩሳሌምን ሲወቅስ ወይኗ ውኃ እንደ ተቀላቀለበት ተናግሯል (ኢሳ. 1፥22)። በእኛ ዘመን በተፈጨ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፥ በቅቤ ውስጥ ሙዝ፥ በማር ውስጥ ስኳር ተገኘ የሚል ወሬ በጋዜጣና በራዲዮ በየጊዜው ሰምተናል። ይህን የሚያደርጉ ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኛው የበርበሬ በረንዳ ነጋዴ በላቡ የሚያድር ሰው መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን የጥቂቶቹ ሥራ የሁሉን ስም ያቈሽሻል። ከክርስቲያኑ ሱቅ አጠገብ የሙስሊሙ ወንድማችን ሱቅ አለ፤ ታላቁ አንዋር መስጊድም ሩቅ አይደለም። በአንገቱ ማተብ ያሰረ ሰው ሸክላ ቀላቅሎ ሲሸጥ ቢያዩት ሐዋርያው ጳውሎስ እንዳለው የእግዚአብሔር ስም በእኛ ምክንያት ይሰደባል (ሮሜ 2፥24)።

ስለ ውኃውም መናገር ይገባናል፤ ብዙ ሰው እንደ ኃጢአት ስለማይቈጥረው ነው። የደረቀ ዛላ ሲጫንና ሲጠቀጠቅ ይሰባበራል፤ ስለዚህ እንዲለሰልስ ውኃ ይረጩበታል። ከዚህም አልፎ ሚዛን እንዲያነሣ ብለው የሚያርሱት አሉ። ውኃ በበርበሬ ዋጋ ተሸጠ ማለት ነው። ጉዳቱ ግን በዚህ አያበቃም። እርጥብ ሆኖ የታሸገ በርበሬ ይሻግታል፤ ከሻጋታውም ሊቃውንቱ አፍላቶክሲን የሚሉት መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ በጊዜ ብዛት ጉበትን የሚጐዳና ካንሰር የሚያመጣ ነው፤ ወጥ ስለ ተቍላላም ጨርሶ አይጠፋም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከተሸጠው በርበሬና ሽሮ ተወስዶ ሲመረመር ይኸው መርዝ ከአንዳንዱ ተገኝቷል። እንግዲህ ሚዛን ያነሣል ተብሎ የተረጨ አንድ ጣሳ ውኃ በዐቢይ ጾም ሽሮ ወጥ ሆኖ በሕፃናት ገበታ ላይ ሊቀርብ ይችላል። ይህን የሚያውቅና የሚያደርግ ሰው «አትስረቅ» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «አትግደል» የሚለውንም ትእዛዝ መመርመር ይገባዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንኳ የሰውን ምግብ የሚያበላሸውን ይቀጣል፤ የዳኛው ቅጣት የማያገኘውን ግን የሚያይ አለ።

አሁን ነጋዴዎች በአደባባይ ሲናገሩት ወደምንሰማው ጥያቄ እንምጣ፤ የንስሐን ምሥጢር አንነካም፥ ይህ በየቡና ቤቱ የሚነገር ነው። «አባታችን፥ ጎረቤቴ ውኃ ረጭቶ፥ ጨው አብዝቶ በርካሽ ይሸጣል። እኔ ጥሩውን በእውነተኛ ዋጋው ባቀርብ ገዢ ወደ እርሱ ይሄዳል። ብቻዬን ታምኜ ልጆቼን በምን ላሳድግ?» ይላሉ። ይህ የማሾፍ ጥያቄ አይደለም፤ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት አባት ጥያቄ ነው። «እግዚአብሔር ያውቅልሃል» ብለን ብቻ ብናሰናብተው ካህንነታችንን አቃልለነዋል።

በቅድሚያ፥ መጽሐፍ ንግድን አልነቀፈም። የቀይ ሐር ሻጪቱ ልድያ በሐዋርያት ዘመን ከተመሰገኑት ናት (ሐዋ. 16፥14)። ቀራጮች ሊጠመቁ መጥተው ምን እናድርግ ባሉ ጊዜ መጥምቁ ዮሐንስ ሥራችሁን ትታችሁ ወደ በረሓ ግቡ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አትጨምሩ ነው ያላቸው (ሉቃ. 3፥12-13)። ሥራው ከባድ ነበር፥ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ይጨምሩ ነበርና፤ ዮሐንስ ግን የባልደረቦቻቸውን ነገር ምክንያት አድርጎ አልቀበላቸውም። ስለዚህ ለነጋዴው እንዲህ እንመልሳለን፤ በዚህ ዓመት ከጎረቤትህ ያነሰ ልታተርፍ ትችላለህ። ይህን እንሰውርህ ዘንድ አንወድም። ታምነህ ብትሸጥ በማግሥቱ ትከብራለህ የሚል ተስፋ ወንጌል አልሰጠህም። ነገር ግን ጾም ስትጾም ሥጋና ወተት ይቀርብሃል፤ አይርብህምን? ይርብሃል፤ ግን ለእግዚአብሔር ብለህ ትታገሠዋለህ። የሚቀርብህን የሐሰት ትርፍም እንዲሁ ቍጠረው። የገበያ ጾምህ እርሱ ነው፤ ሁዳዴም ሲፈታ አይፈታም።

ገዢዎችም ከዚህ ነገር ነጻ አይደላችሁም። ሰሎሞን ስለ ገዢ የተናገረውን ታስታውሳላችሁ፤ ሲገዛ ክፉ ነው ክፉ ነው እያለ ያራክሳል፥ ሲሄድ ግን ባገኘው ይመካል (ምሳ. 20፥14)። ንጹሕ ዛላ በዚህ ዋጋ እንደማይገኝ እያወቅን እጅግ የረከሰውን ድቁስ የምንፈልግ ከሆነ፥ ለሸክላው ገበያ የምናቆምለት እኛ ነን። የቀንጣሾቹንም ነገር አንርሳ። እነዚያ እናቶች ዓይናቸው እያነባ፥ እጃቸው እየተቃጠለ ይውላሉ፤ ተሸካሚዎቹም ኩንታሉን በጫንቃቸው ያወጣሉ። ሙሴ የድኻ ምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈል አዝዟል (ዘዳ. 24፥15)፤ ያዕቆብም የተቀማ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)። «ነገ ተመለሺ» የምትባል ቀንጣሽ ማታ ለልጆቿ ይዛ የምትገባው የለም።

ለእኛ ለካህናቱም የተነገረ ቃል አለ። ዲድስቅልያ በግፍ ከተሰበሰበ ገንዘብ መባ እንዳንቀበል ይከለክላል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ከአንዱ ቀምቶ ለሌላው የሚመጸውተውን አጥብቆ ገሥጿል። ስለዚህ ከሚዛን ጕድለት ለተገኘ ገንዘብ ጃንጥላ ገዝቶ ለታቦት ቢያገባ ወይም የስለት ሻማ በኩንታል ቢያቀርብ፥ «ስለቱ ሠመረለት» ብለን እልል ማለት አይገባንም። ንስሐ አባቱ አስቀድሞ ስለ ሚዛኑ ይጠይቀው።

«እንግዲያውስ ያለፈውን እንዴት ልመልስ? ከማን እንዳጐደልሁ አላውቅም» የሚል ይኖራል። ዘኬዎስ ከበደላቸው ሰዎች ፊት ለፊት አራት እጥፍ ለመመለስ ተነሣ (ሉቃ. 19፥8)። አንተ የምታውቀው ደንበኛ ካለ ለእርሱ መልስ፤ ማፈር አለበት፥ ነገር ግን ይቻላል። የማታውቃቸውን በተመለከተ ከንስሐ አባትህ ጋር ሒሳቡን አስብና ለድኾች ስጥ። ስትሰጥ ግን ምጽዋት ነው አትበል፤ ምጽዋት ከራስ ገንዘብ ነው፥ ይህ ግን ዕዳ ነው። ምስጋናም አትጠብቅበት።

አንድ ነገር ደግሞ ለበርበሬ በረንዳ ማኅበርተኞች እናሳስባለን። በዚያ የጽዋ ማኅበር የምትጠጡ ብዙ ናችሁ፤ ዳቤውና ጠላው በየወሩ በተራ ይዘጋጃል፥ ካህኑም ጸልዮ ይባርካል። ብቻውን የታመነ ነጋዴ እንደሚጐዳ ተናግረናል፤ ዐሥራ ሁለት ሆነው የታመኑ ግን ገዢ ያውቃቸዋል። በሚመጣው ወር ተረኛው ትክክለኛ መሆኑ የተረጋገጠ አንድ የኪሎ ድንጋይ ያስቀምጥ፤ ሁላችሁም የየራሳችሁን የሚዛን ድንጋይ በከረጢት ይዛችሁ ኑ፤ ዲጂታል ሚዛን ያለውም ሚዛኑን ያምጣ። ጽዋው ከመነሣቱ በፊት አንድ ባንድ ይመዘን። የጐደለው የማንም ቢሆን ስሙ ከማኅበሩ ውጭ አይነገር፤ ድንጋዩ ግን ወደ ሱቅ አይመለስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።